ቨርቲካሉ ጥሩ ይሰማል፣ እኔን ግን የሚሰማኝ የለም

ጓሮኛው (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁም። የአማተር ሬዲዮ የጄኔራል ፈቃዴን ያገኘሁት በቅርቡ ነው። እስከዚያ ድረስ በቴክኒሻን ፈቃድ ከ28.300 እስከ 28.500 ሜጋኸርዝ ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ድምፄን እያሰማሁ ነበር የከረምኩት። አሁን 20 እና 40 ሜትር የሚባሉት የሞገድ ባንዶች ስለተፈቀዱልኝ ያገለገለ ባለ አራት ባንድ ቨርቲካል (ቀጥ ብሎ የሚቆም የዘንግ አንቴና) ገዛሁ። 10፣ 15፣ 20 እና 40 ሜትር ይሠራል፣ ትራፕ (አንዱን ዘንግ ለብዙ ባንድ የሚያሠራ ጥቅል) አለው፣ ቁመቱ 6 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የምኖረው ታውንሃውስ ስለሆነ ጓሮዬ ጠባብ ናት። ጥግ ላይ የብረት ቱቦ ቀብሬ አቆምኩት፤ ከሥሩ 2.4 ሜትር ርዝመት ያለው መዳብ የተለበጠ የግራውንድ ዘንግ መሬት ውስጥ መትቼ ከኮአክሱ (ከአንቴናው ኬብል) የብረት ሽፋን ጋር አገናኘሁት።

ኤስደብሊውአሩ (አንቴናው ከኬብሉ ጋር ምን ያህል እንደተጣጣመ የሚያሳየው ቁጥር፤ 1.0 ፍጹም ነው) በ40 ሜትር 1.1፣ በ20 ሜትር 1.3 ነው። ሬዲዮዬ 100 ዋት ይሰጣል። አውሮፓን እንደ ጎረቤት እሰማለሁ፤ ጣሊያኑ፣ ስፔኑ፣ አንዳንዴም ደቡብ አፍሪካ ጥርት ብለው ይመጣሉ። ስጠራቸው ግን ዝም ነው። በኮምፒዩተር በሚሠራው የዲጂታል መላላኪያ፣ በኤፍቲ8 እንኳ የሚሰጠኝ ሪፖርት ከሌሎች የሰፈሬ ሰዎች እጅግ ያነሰ ነው። ዋናው ሕልሜ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ጋር መገናኘት ነው። ኤስደብሊውአሩ እንዲህ አምሮ ሳለ ችግሩ የት ላይ ሊሆን ይችላል?

ሽቦ በሽቦ (ፍራንክፈርት)

ችግሩ ቨርቲካል መግዛትህ ነው 😀 ሸጠህ ዳይፖል ስቀል። ሁለት ሽቦ፣ አንድ ገመድ፣ አለቀ።

ጓሮኛው (ሜሪላንድ)

ወንድሜ፣ ዳይፖል የሚሰቀልበት ዛፍ ቢኖረኝ እዚህ መጥቼ እጠይቅ ነበር? ጓሮው ከአጥር እስከ አጥር 9 ሜትር አይሞላም።

ጋሽ ኦም (ሲያትል)

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ሬዲዮህም አንቴናህም ደህና ናቸው። የጎደለህ የአንቴናው ሌላኛው ግማሽ ነው።

ዳይፖል ሁለት ክንድ አለው። በአንዱ ክንድ ላይ የሚሄደው ከረንት በሌላኛው መልሱን ያገኛል። የሩብ ሞገድ ቨርቲካል ደግሞ ያ ዳይፖል ተተክሎ አንድ ክንዱ ብቻ የቀረለት ነው። ሁለተኛውን ክንድ እንዲተካ የታሰበው መሬቱ ነው። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም እንደሚባለው፣ ያ ከሥር ያለው ወገን ደካማ ከሆነ የላዩ ቱቦ ወርቅ ቢሆን ዋጋ የለውም።

የመታኸው ዘንግ ለመብረቅና ለኤሌክትሪክ ደኅንነት ያስፈልጋል፤ አትንቀለው። ለሬዲዮ ሞገድ ግን ምንም ያህል አይጠቅምም። ከረንቱ ከአንቴናው ዙሪያ ካለው መሬት በሙሉ ተሰብስቦ ነው ወደ ኮአክሱ ሽፋን የሚመለሰው። ሽቦ ካላገኘ በአፈሩ ውስጥ ይጓዛል፣ አፈር ደግሞ መጥፎ አስተላላፊ ስለሆነ ኃይሉ እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የሜሪላንድን የምድር ትል እያሞቅህ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ኤስደብሊውአርህ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ሙሉ ሩብ ሞገድ ርዝመት ያለው ቨርቲካል እንከን የለሽ ግራውንድ ላይ ቢቆም ከሥሩ የሚለካው 36 ኦም ገደማ ነው። ከ50 ኦም ኬብል ጋር ሲያያዝ ኤስደብሊውአሩ 1.4 ይሆናል። ያንተው ግን በ40 ሜትር ሙሉ ሩብ ሞገድ አይደለም፤ ሙሉ ቢሆን 10 ሜትር ይረዝም ነበር። በትራፕ ያጠረ ስለሆነ የራዲየሽን ሬዚስታንሱ (ሞገድ ሆኖ የሚወጣውን ኃይል የሚወክለው ኦም) ከ36 በጣም ይወርዳል፤ ለሒሳቡ ያህል 18 ኦም እንበል። ታዲያ ኤስደብሊውአርህ 1.1 ከሆነ የቀረው ሠላሳ ምናምን ኦም ከየት መጣ? ከአፈሩ ነው። ከ100 ዋትህ አየር ላይ የሚወጣው አንድ ሦስተኛው ገደማ ነው። ዳሚ ሎድም (ኃይሉን ወደ ሙቀት ብቻ የሚቀይረው የመፈተሻ ዕቃ) እኮ ኤስደብሊውአሩ 1.0 ነው፤ ማንም ግን በዳሚ ሎድ ከአዲስ አበባ ጋር አያወራም።

ናኖቪኤንኤ (ትንሿ የአንቴና መለኪያ) ካለህ አንቴናው ሥር ላይ ሰክተህ በ40 ሜትር ሬዞናንስ (አንቴናው የሚስማማበት ፍሪኩዌንሲ) ላይ ያለውን ኦም ብቻ ንገረኝ። ኤስደብሊውአር አልፈልግም።

ጓሮኛው (ሜሪላንድ)

ጋሽ ኦም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከጓደኛዬ ተውሼ ለካሁት። በ7.15 ሜጋኸርዝ 54 ኦም አሳየኝ። እንዳሉት ከሆነ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኃይሌ እየባከነ ነው ማለት ነዋ! መቼም ይህን በፈተናው ጥያቄዎች ውስጥ አላየሁትም።

ታዲያ ከአንቴናው ሥር ዙሪያውን ስንት ሽቦ ላንጥፍ? አንዱ ድረ ገጽ 120 ይላል፣ ሌላው 4 ይበቃል ይላል። እርስዎ ምን ይሉኛል?

የአሽዶድ ልጅ (እስራኤል)

ሁለቱም እውነት ነው፣ ግን የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው። ከመሬት ላይ የሚነጠፍ ራዲያልና (ከአንቴናው ሥር ወደ ዙሪያው የሚዘረጋው ሽቦ) ከመሬት ከፍ ብሎ የሚወጠር ራዲያል አንድ አይደሉም።

መሬት ላይ የተነጠፈው ከአፈሩ ጋር ስለሚጣበቅ የራሱ ሬዞናንስ የለውም፤ ርዝመቱን በሚሊሜትር መቁረጥ አያስፈልግም፣ ብዛቱ ነው የሚበጀው። ከፍ ያለው ደግሞ ልክ እንደ ዳይፖል ክንድ ነው፣ ለየባንዱ ተለክቶ ሩብ ሞገድ ሆኖ መቆረጥ አለበት፤ ከሁለት እስከ አራት ይበቃዋል። 71.3ን በሜጋኸርዙ ታካፍላለህ፣ ሜትሩን ይሰጥሃል። ለ14.2 ስታሰላው 5 ሜትር ከትንሽ ይሆናል። ሽቦው ፕላስቲክ ልባስ ካለው ጥቂት ፐርሰንት ይጠርልሃል።

እኔ የምጠቀመው የፋይበርግላስ ዘንግ ነው፣ ለ20 ሜትር ብቻ፣ ሁለት ራዲያል ከሰው ቁመት በላይ ወጥሬ። ጫፎቹ ላይ ስትልክ ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚኖር ልጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ እንዳይሆኑ።

ሰው ግን የማያወራው ትልቁ ነገር ባሕሩ ነው። ዘንጉን ተሸክሜ ሜዲትራኒያን ዳር ስሄድ ያው ሬዲዮ፣ ያው ዋት ሆኖ ሌላ ጣቢያ የሆነ ነው የሚመስለው። የባሕር ውኃ ከተራ አፈር አንድ ሺሕ ጊዜ ያህል የተሻለ አስተላላፊ ነው፤ ዝቅ ብሎ ወደ አድማስ የሚወጣው ሞገድ አይሞትም። ራዲያል የሚያስተካክለው አንቴናው አጠገብ ያለውን ብክነት ብቻ ነው፤ ከዚያ አልፎ ብዙ ሞገድ ድረስ ያለው መሬት ሞገዱ በስንት አንግል እንደሚወጣ ይወስናል፣ እሱን ደግሞ በሽቦ አትቀይረውም። ሜሪላንድ ቼሳፒክ ቤይ አለላችሁ እኮ፣ አንድ ቅዳሜ ሞክረው።

ሽቦ በሽቦ (ፍራንክፈርት)

እንግዲህ 120 ሽቦ፣ ባሕር፣ ናኖቪኤንኤ... እኔ እኮ ዳይፖል ስቀል ነው ያልኩት 😀

ጋሽ ኦም (ሲያትል)

120 የሚለው ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፤ ደስ የሚል ታሪክ ነው። በ1937 የአሜሪካው የሬዲዮ ኩባንያ የአርሲኤ መሐንዲሶች የነበሩት ብራውን፣ ሉዊስና ኤፕስታይን አንድ ሜዳ ላይ ሽቦ እየቀበሩ፣ ቁጥሩንና ርዝመቱን እየቀያየሩ የሞገዱን ጉልበት ለኩ። የአሜሪካ የመካከለኛ ሞገድ ብሮድካስት ጣቢያዎች እስከ ዛሬ 120 ራዲያል የሚቀብሩት ከዚያ ጥናት በመነሳት ነው። ለ50 ኪሎዋት ጣቢያ የግማሽ ዲቢ (ዴሲቤል) ብክነት ገንዘብ ነው። ለአንተ ግን አይደለም።

ለጓሮ የሚሆነው ሒሳብ ይህ ነው። ከዜሮ ወደ 8 ስትሄድ ለውጡ ትልቅ ነው። ከ8 ወደ 16 ደህና ነው። ከ16 ወደ 32 ስትሄድ ይታያል፣ ግን ትንሽ ነው። ከዚያ በላይ ለወገብህ እዘንለት። ያለህ ሽቦ የተወሰነ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ረጃጅም ከማንጠፍ ብዙ አጫጭር ማንጠፍ ይሻላል፤ ከረንቱ በጣም የሚበረታው አንቴናው ሥር ስለሆነ እዚያ ነው ሽቦው መብዛት ያለበት። ያንተ ጓሮ ሁሉንም አቅጣጫ እኩል ባይሰጥም ግድ የለም። ወደ አጥሩ 2 ሜትር፣ ወደ ቤቱ 4 ሜትር፣ ወደ ማዕዘኑ 8 ሜትር እያልክ እንዳገኘህ አንጥፍ። ክብ ሆኖ ለፎቶ ማማር የለበትም።

እታለም73 (ቨርጂኒያ)

ለሣሩ እኔ ልምከርህ፣ ከባሌ ጋር የተጣላሁበት ጉዳይ ስለሆነ 🙂 መቆፈር አያስፈልግም። ሣሩን በጣም አሳጥረህ እጨደው፣ ሽቦውን ወጥረህ ዘርጋ፣ በዩ ቅርጽ የታጠፈ የብረት ችካል በየግማሽ ሜትሩ እየመታህ ከአፈሩ ጋር አጣብቀው። አንድ ወቅት ካለፈ በኋላ ሣሩ ራሱ ይውጠዋል፣ ማጨጃውም አይነካውም። መጀመሪያ ሰሞን ግን ማጨጃውን ከፍ አድርገህ ንዳ። መዳብ ተጠቀም፤ አሉሚኒየም አፈር ውስጥ ይበላል። የቀለሙም የውፍረቱም ነገር አያሳስብህ፣ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ የተገነጠለም ይሆናል።

መኸር ወይ የፀደይ መጀመሪያ ላይ ብታደርገው ይመረጣል፤ ሣሩ ሲያድግ ቶሎ ይሸፍነዋል።

ሌላው የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ነው። አለባችሁ?

ጓሮኛው (ሜሪላንድ)

አለብን እህቴ። እስካሁን ምንም አላሉኝም። ቱቦውን ጥቁር አረንጓዴ ቀብቼው ከዛፉ ጋር ይመሳሰላል ብዬ ተስፋ አድርጌያለሁ።

እታለም73 (ቨርጂኒያ)

በዚህ ላይ ሰው ብዙ ስለሚሳሳት በግልጽ ልጻፈው። ፒአርቢ1 የሚባለው የ1985ቱ የኤፍሲሲ (የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን) ውሳኔ ከተማና ካውንቲ ለአማተር አንቴና ምክንያታዊ ቦታ እንዲተዉ ያስገድዳል። የግል ማኅበርን ግን አይነካም፤ ቤቱን ስትገዛ የፈረምከው ውል ውል ነው። የሳተላይት ሳህን እንዳይከለከል የሚያደርገው ደንብም አማተር ሬዲዮን አይጨምርም። ሰው ይህን እየጠቀሰ ደብዳቤ ሲጽፍ አይቻለሁ፣ አይሠራም።

የእኛ ማኅበር አንቴናዬን እንዳወርድ ደብዳቤ ልኮልኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት የባንዲራ ዘንግ መትከል ነው። የአሜሪካን ባንዲራ ማውለብለብ በ2006 በጸደቀ ሕግ ስለተጠበቀ የዘንጉን ቁመትና ቦታ ተደራደርን፤ ፋይበርግላስ ነው፣ ሽቦው በውስጡ አለ፣ ራዲያሎቹ በሣር ሥር ናቸው። ለማኅበሩ የባንዲራ ዘንግ ነው፣ ለእኔ የ20 ሜትር ቨርቲካል ነው። አሉሚኒየም ዘንግ ግን እንዳትገዛ፤ ውስጡ ሽቦ ብታስገባበት ብረቱ ይጋርደዋል።

ሌላ አማራጭ ሲመሽ አቁሞ ሲነጋ ማውረድ ነው፣ የሚያደርጉት አሉ። እኔ የማታ ፈረቃ ሠራተኛ ስለሆንኩ አልሆነልኝም።

ቆርቆሮ ጣሪያ (አዲስ አበባ)

ዘግይቼ ነው ክሩን ያየሁት። አዲስ አበባን ስለጠራችሁ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

እዚህ ብዙዎቻችን የምንሠራው በክለብ ጣቢያው፣ በኢቲ3ኤኤ ነው፤ አምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ውስጥ። ስለ ቨርቲካል ግን የራሴ አስተያየት አለኝ። እናንተ ሽቦ እየቆጠራችሁ የምትጨነቁበትን ነገር አገራችን ራሷ ሠርታ ሰጥታናለች፦ የቆርቆሮ ጣሪያ! ሰፊ የቆርቆሮ ጣሪያ መሀል ላይ የሚቆም ቨርቲካል ራዲያል አያስፈልገውም። የኮአክሱን ሽፋን ቀለሙ ተፍቆ በጸዳ ቦታ በብሎን ከቆርቆሮው ጋር ታገናኛለህ፣ ጣሪያው በሙሉ ግራውንድ ይሆንልሃል። ለ10 እና ለ15 ሜትር ተራ የመኖሪያ ቤት ጣሪያ በቂ ነው፤ ለ40 ግን ትንሽ ጣሪያ አይበቃም።

አንድ ችግር አለው። ቆርቆሮዎቹ እርስ በርሳቸው የሚነባበሩበት ቦታ ዝገት ካለ መገናኛው እንደ ዳዮድ ይሆናል። የብሮድካስት ጣቢያዎችን ደባልቆ በማይገባ ቦታ ላይ ያሰማሃል፣ ስትልክም ሐርሞኒክ (በሌላ ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚወጣ ትርፍ ምልክት) ይፈጥራል። አሮጌ ጣሪያ ከሆነ በአጭር በአጭር ሽቦ እያያዙ በብሎን ማሰር ነው።

ትልቁ ጠላት ኖይዝ ነው። ቨርቲካል የከተማ ጫጫታ ይወዳል። የርካሽ ኤልኢዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ የጎረቤት ኢንቨርተር፣ ሁሉም ሰተት ብሎ ይገባል። ሰው መብራት ሲጠፋ ያማርራል፣ እኔ ባትሪዬን ሰክቼ ሬዲዮውን እከፍታለሁ። ሰፈሩ ሲጨልም የኖይዙ መርፌ ወርዶ ከሥሩ የተደበቁት ጣቢያዎች ብቅ ብቅ ይላሉ። ከዚያ መብራት ይመጣል፣ ሰፈሩ እልል ሲል እኔ አዝናለሁ 😀

ሽቦ በሽቦ (ፍራንክፈርት)

አሁን ቁም ነገር ልናገር። ወንድሜ ቆርቆሮ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ካለ ሰው ጋር በ40 ሜትር ላውራ ብትል ቨርቲካልህ ምን ይረባሃል? ጎንደር በአየር መስመር 420 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ሞገዱ 300 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ካለው የአዮኖስፌር ንብርብር ነጥሮ እዚያ እንዲወርድ ከ50 ዲግሪ በላይ በሆነ አንግል መውጣት አለበት። ቨርቲካል ደግሞ ጉልበቱ ከ20 እና 30 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቀጥታ ወደ ላይ ጭራሽ አይልክም። ከመሬት 5 ወይም 6 ሜትር ላይ የተሰቀለ ዳይፖል ግን አብዛኛውን ወደ ላይ ነው የሚተፋው፣ ለአገር ውስጥ የሚያስፈልገውም እሱ ነው። ተራራ ቢኖር እንኳ በላዩ አልፎ ይወርዳል። ለአደጋ ጊዜ ግንኙነት የምታስቡ ከሆነ በቨርቲካል አትታለሉ።

ስቀልድ ቆየሁ እንጂ ነገሬ ይሄ ነበር። ሁሉም ሰው ለሁሉም ነገር ቨርቲካል ሲገዛ ይገርመኛል።

ቆርቆሮ ጣሪያ (አዲስ አበባ)

ትክክል ነህ፣ በዚህ አልከራከርህም። ለአገር ውስጥ ዝቅ ያለ ዳይፖል፣ ለሩቅ አገር ቨርቲካል። ሁለቱም ካሉህ በማቀያየሪያ እያገላበጡ መስማት ነው፤ አንዳንድ ቀን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ለጓሮኛው ግን ቨርቲካል ነው የሚሻለው። ከሜሪላንድ አዲስ አበባ 11,500 ኪሎሜትር ነው። ዳይፖሉን 10 ሜትር ከፍ ማድረግ ካልቻለ ዝቅተኛ አንግል የሚሰጠው ቨርቲካሉ ነው።

ጋሽ ኦም (ሲያትል)

የተረሳ ነገር አለ፤ ኬብሉ። ከቨርቲካሉ ሥር ቾክ (ከረንት በኬብሉ ውጫዊ ገጽ እንዳይመለስ የሚያግድ) አድርግ። ራዲያሉ ትንሽ በሆነ ቁጥር ከረንቱ በኮአክሱ ሽፋን ውጫዊ ገጽ ላይ ወደ ቤትህ ይመለሳል። ስትልክ ማይክሮፎኑ ይነክሳል፣ ኮምፒዩተሩ ይደናበራል፤ ስትሰማ ደግሞ የቤቱን ኖይዝ በሙሉ ይዞ ወደ አንቴናው ይወጣል። ዓይነት 31 የሆነ ትልቅ የፌራይት ቀለበት ላይ ኮአክሱን ደጋግመህ ጠምጥም። ለኤችኤፍ (ለአጭር ሞገድ) ከሌሎቹ ዓይነቶች ይልቅ እሱ ነው የሚሻለው።

የኮአክሱ ዓይነትም ይታሰብበት። አርጂ58 ለ30 ሜትር ርዝመት በ28 ሜጋኸርዝ 2 ዲቢ ተኩል ገደማ ይበላል። አርጂ213 ግማሹን ነው የሚበላው።

ጓሮኛው (ሜሪላንድ)

ሪፖርት ይዤ መጥቻለሁ!

16 ራዲያል አነጠፍኩ፣ አጭሩ 2 ሜትር፣ ረጅሙ 8 ሜትር ተኩል። ሁሉንም ከዝገት አልባ ብረት ሰሌዳ ጋር በብሎን አሰርኳቸው፤ የግራውንድ ዘንጉም እዚያው ታስሯል። ቾኩንም ጠምጥሜያለሁ። የእታለም ችካል ዘዴ ድንቅ ነው፣ ባለቤቴ እስካሁን አላየችውም።

ውጤቱ ግን ግራ አጋባኝ። ኤስደብሊውአሩ በ40 ሜትር ከ1.1 ወደ 1.7 ከፍ አለ! ናኖቪኤንኤው አሁን 29 ኦም ነው የሚለው። ቢሆንም ማታ በ40 ሜትር ጣሊያን በመጀመሪያ ጥሪ መለሰልኝ። ጋሽ ኦም፣ ኤስደብሊውአሩ ተበላሽቶ አንቴናው እንዴት ይሻሻላል?

ጋሽ ኦም (ሲያትል)

እልል በል! ስጠብቅ የነበረው ይህንን ቁጥር ነው።

54 የነበረው 29 ሆነ። ከመሬቱ ላይ 25 ኦም ብክነት ጠረግህ ማለት ነው። በዚያው በ18 ኦም ግምታችን ብናሰላው በፊት ከሦስት እጅ አንዱ ነበር የሚወጣው፣ አሁን ከ60 ፐርሰንት በላይ ነው። ወደ 3 ዲቢ የሚጠጋ፤ ባለ 100 ዋት ሬዲዮህን በባለ 200 እንደቀየርከው ቁጠረው፣ ወጪው ግን ሽቦ ብቻ ነው። 1.7ቱን የሬዲዮው ቲዩነር ያስተካክለዋል። ካስጨነቀህ አንቴናው ሥር ላይ ከግራውንዱ ጋር የምትያያዝ ትንሽ ጥቅል ሽቦ ብታክልበት ወደ 50 ኦም ይመለስልሃል። ራዲያል እየነቀልክ ግን እንዳታስተካክለው፤ የሚያደርግ ሰው አውቃለሁ።

የአሽዶድ ልጅ (እስራኤል)

ጣሊያን መለሰልኝ ማለት ግን መለኪያ አይደለም። የዚያን ቀን ሰማዩ ጥሩ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ስለ አንቴና የሚነገረው ወሬ ግማሹ እንዲህ ነው የሚወለደው።

ሁለት መንገድ አለህ። አንዱ በዊስፐር (በትንሽ ኃይል የሚላክ የሙከራ ምልክት) በ200 ሚሊዋት እየላክህ፣ ሰፈርህ ያለ ሌላ ጣቢያም በተመሳሳይ ሰዓት ሲልክ ሩቅ አገር ላይ ያሉት ተቀባዮች ለሁለታችሁ የሰጡትን ቁጥር ማወዳደር ነው። ሰማዩ ለሁለታችሁም አንድ ስለሆነ ልዩነቱ የአንቴና ነው። ሁለተኛው የመስሚያ ነው። 14.100 ሜጋኸርዝ ላይ በዓለም ዙሪያ የተሰራጩ 18 የምልክት ጣቢያዎች ተራ በተራ አሥር አሥር ሴኮንድ ይልካሉ፤ በሦስት ደቂቃ ዙሩ ያልቃል። እያንዳንዱ ስሙን በሞርስ ከላከ በኋላ አራት ረጃጅም ድምፅ ያሰማል፦ በ100 ዋት፣ በ10፣ በ1፣ በመጨረሻም በአንድ አሥረኛ ዋት። እስከ ስንተኛው እንደምትሰማ ቁጠር። የእኛው 4ኤክስ6ቲዩ ከቴል አቪቭ ነው። 5ዜድ4ቢ ደግሞ ከኬንያ ነው፤ አየር ላይ ካገኘኸውና ከሰማኸው ወደ አዲስ አበባ ያለው መንገድም ተከፍቷል ብለህ መጠርጠር ትችላለህ።

ጓሮኛው (ሜሪላንድ)

ይህን አላውቅም ነበር፣ ዛሬውኑ አዳምጣለሁ። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ እናንተን ስንት ሰዓት ላይ ልፈልግ? በየትኛው ባንድ?

ቆርቆሮ ጣሪያ (አዲስ አበባ)

ከ20 ሜትር ጀምር። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ጥሩ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር።

ጓሮኛው (ሜሪላንድ)

በእኛ ስትል በየትኛው? እዚህ ክር ላይ አምስት ዓይነት ሰዓት አለ እኮ።

ቆርቆሮ ጣሪያ (አዲስ አበባ)

ሃሃ፣ እውነትህን ነው። በኢትዮጵያ ሰዓት ነው። የሬዲዮ ሰው ዩቲሲ (ዓለም አቀፉን ሰዓት) ነው የሚጠቀመው፤ ከዩቲሲ 3 ቀንስ፣ ከ12 ከበለጠም 12 ቀንስ፣ የእኛን ሰዓት ታገኛለህ። 18 ዩቲሲ ማለት ለእኔ የማታው 3 ሰዓት ነው፣ ለአንተ በክረምታችሁ፣ በእናንተ አቆጣጠር ከቀኑ 1 ሰዓት። በአንተ በኩል ብርሃን፣ በእኔ በኩል ጨለማ ይሆናል፣ 20 ሜትር ይህን ይወዳል። የፀሐይ ዑደቱ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ከደረሰ ብዙ ስላልቆየ 15 ሜትርንም አትርሳው።

አቅጣጫው ከአንተ 66 ዲግሪ ነው፤ ቨርቲካል ስላለህ ማዞር የለም፣ ግን በዚያ በኩል ያለው የጓሮህ ጥግ ላይ ራዲያል ካነሰ ጨምር። በኤፍቲ8 ስትፈልግ ኬጄ99 የሚል የካርታ ካሬ መለያ ካየህ አምስት ኪሎ ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከ9 ዲግሪ መስመር በታች ስለሆነ ኬጄ98 ይሆናል፤ አንድ ከተማ፣ ሁለት ካሬ። እኛን የሚጠራ ሰው ግን ብዙ ነው፣ ኢቲ (የኢትዮጵያ ጣቢያዎች መለያ) በየቀኑ አይገኝምና። የጠሪዎቹ ክምር ሲበዛ የምንሰማበትን ፍሪኩዌንሲ ከፍለን ወደ ላይ እናደርገዋለን፤ መጀመሪያ አዳምጥ፣ ከዚያ ጥራ።

እታለም73 (ቨርጂኒያ)

ቆርቆሮ፣ በክረምት መብረቁን እንዴት ታደርጉታላችሁ? የአዲስ አበባን ሐምሌ አስታውሳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲሰነጠቅ።

ቆርቆሮ ጣሪያ (አዲስ አበባ)

ደመና ስናይ ኮአክሱን ከሬዲዮው ነቅለን ከቤት ውጭ እንጥለዋለን፤ ነጎድጓድ እስኪሰማ አንጠብቅም። ከፍታ ላይ ነን፣ ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነች፣ ጣሪያ ላይ የቆመ ብረት ደግሞ ራሱን የሚጋብዝ ነው። የአንቴናው ግራውንድ ከቤቱ የኤሌክትሪክ ግራውንድ ጋር በወፍራም ሽቦ መያያዝ አለበት፤ ለየብቻ ከሆኑ መብረቅ በመጣ ጊዜ ልዩነቱ በሬዲዮህ በኩል ያልፋል። ከመብረቅ በላይ የምፈራው ግን የኤሌክትሪክ መስመሩን ነው። ሰፈራችን ውስጥ ሽቦው ከጣሪያው ብዙ አይርቅም። ቨርቲካል ስታቆሙ ቢወድቅ እንኳ መስመሩ ላይ የማይደርስበትን ቦታ ምረጡ፣ ብቻችሁንም አታቁሙ።

ሽቦ በሽቦ (ፍራንክፈርት)

ጓሮኛው፣ ከኢቲ ጋር ከተገናኘህ እዚህ ጻፍልን። ዳይፖሌን አወርዳለሁ አላልኩም ግን 😀

ጓሮኛው (ሜሪላንድ)

እጽፋለሁ። ለጊዜው ትናንት ማታ 5ዜድ4ቢን በ14.100 ሰማሁት፣ የ100 ዋቱንና የ10 ዋቱን ድምፅ። የ1 ዋቱ ኖይዝ ውስጥ ጠፋ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ይሄ አንቴና አናቱ ላይ ጥቅል ሲጨመርበት 80 ሜትርም ይሠራል ይላሉ። ያዋጣል?

ጋሽ ኦም (ሲያትል)

ይሠራል፣ ግን ሥራህን ጠባብ ያደርገዋል። 80 ሜትር ላይ ሙሉ ሩብ ሞገድ 20 ሜትር ነው፤ በ7 ሜትር ቱቦ ስትሞክረው ኤስደብሊውአሩ ደህና የሚሆንበት ስፋት ጥቂት አሥር ኪሎኸርዝ ብቻ ነው። ስለዚህ የምትፈልገውን የባንዱን ክፍል መርጠህ እዚያው ትቀራለህ። 16ቱ ራዲያልህም ለ80 አጭር ነው። መጀመሪያ በዚያ ገንዘብ ሽቦ ግዛና 16 ጨምርበት፣ ለ40 እና ለ20 የሚሰጥህን እይ። ትራፖቹንም በጥቅምት አካባቢ አውርደህ የውኃ መውጫ ቀዳዳቸው ወደ ታች መዞሩን አረጋግጥ፤ ያገለገለ ሲገዛ ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ነው የሚገኘው።